ሮም ላይ አልጋ ለመረጠችልን እህት ምስጋና፣ ለምትሄዱም ጥቆማ

ሮም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለች ትንሽ የጉዞ ወኪል ቢሮ የምትሠራ አንዲት የአገራችን ልጅ አለች። ስሜን እንዳትጽፍ ብላ አስጠንቅቃኛለች፤ አልጽፍም። ሳላመሰግናት ብቀር ግን እማዬ አትለቀኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮም ያለው የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ዋና መሥሪያ ቤት ለሥልጠና ተጋበዝኩ። እማዬ ደግሞ "የቅዱስ ጴጥሮስን መቃብር ሳልሳለም አልሞትም" ስትል የኖረች ሴት ናት። አብረን እንሂድ ተባለ። ጉልበቷ ደረጃ አይወድም። ጊዜው ጥቅምት አጋማሽ ስለሆነ የጽጌን ጾም ይዛለች። እኔ ጠዋት ወጥቼ የምመለሰው ማታ ነው። እንዲህ ላለ ጉዞ ማደሪያ የሚመረጠው ኢንተርኔት ላይ ፎቶ እያዩ አይደለም። ፎቶ ላይ ክፍሉ ሁሉ ሰፊ ነው፣ አንሶላው ሁሉ ነጭ ነው።

አንድ ዘመዳችን የልጅቷን ስልክ ሰጠን። ደውዬ "ጥሩም ርካሽም አልጋ ፈልጊልን" አልኳት። ስለ ዋጋ ምንም አላለችም። "ጠዋት ጠዋት ወዴት ነው የምትሄዱት? እማማ ስንት ደረጃ ይወጣሉ? ማታ ምን ይበላሉ?" ብላ ጠየቀችኝ።

የሮም ሜትሮ እንደ ለንደን ወይም እንደ ፓሪስ ከተማውን ሁሉ አያዳርስም። ቱሪስት የሚጠቀምባቸው በዋናነት ኤ እና ቢ የሚባሉት መስመሮች ናቸው፤ የሚገናኙት ተርሚኒ ላይ ነው። ቫቲካን የሚኬደው በኤ መስመር ኦታቪያኖ ተወርዶ ነው። ፋኦ ደግሞ በቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ የሚባለው ጣቢያ አጠገብ ነው። "እንግዲህ ወይ ተርሚኒ፣ ወይ ከተርሚኒ አንድ ፌርማታ" አለችኝ። ያ ሁሉ ስንት ሌሊት ያገላበጥኩት ካርታ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ።

እውነቱን ለመናገር የኔ ልብ ያረፈው ትራስቴቬሬ ላይ ነበር። ውብ ሰፈር ነው። ግን ሜትሮ አይደርስበትም፣ መንገዱ ጎርበጥባጣ የድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ማታ ደግሞ ሰዉ ሲንጫጫ ያመሻል። "ለፍቅረኛሞች ጥሩ ነው" አለችና ሳቀችብኝ። ቫቲካን አጠገብ ያለውን ፕራቲን ሳነሳባት ግን አልተቃወመችም። ጸጥ ያለ ነው፣ የእግረኛ መንገዱም ሰፊ ነው፤ እማማ ብቻቸውን ቢሆኑ እዚያ ነበር የማሳርፋቸው አለች። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ እኔም በየቀኑ መስመር ልቀይር ነው። ኤርፖርቱ አካባቢ ያየሁትን ርካሽ ሆቴልማ ገና ሳልጨርስ ነው ውድቅ ያደረገችው። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር ከፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ተርሚኒ በ32 ደቂቃ ያደርሳል፤ ዋጋው ግን ለአንድ ሰው 14 ዩሮ ነው። ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ 56 ዩሮ። በየቀኑ ይህን እየከፈሉ ምኑ ላይ ነው ርካሽነቱ?

በመጨረሻ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ላይ ተስማማን። በቢ መስመር ከተርሚኒ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ነው። ለኔ ቺርኮ ማሲሞ በቀጥታ፣ ያለ ቅያሪ፣ አራተኛው ፌርማታ ሆነልኝ።

ሙያዋን ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሮም ውስጥ ብዙ ትንንሽ ሆቴሎች የራሳቸው ሕንፃ የላቸውም፤ አሮጌ መኖሪያ ሕንፃ ላይ አንድ ፎቅ ይይዛሉ። ማስታወቂያቸው "ሊፍት አለ" ይላል። ሊፍቱ ግን አንዳንዴ የሚጀምረው ሰባት ስምንት ደረጃ ከተወጣ በኋላ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሰውና ሻንጣ አብሮ አይችልም። እሷ ለየሆቴሉ እየደወለች "ከመንገዱ እስከ ሊፍቱ በር ስንት ደረጃ ነው?" ትላለች። በዚህች ጥያቄ ብቻ የወደቀ ሆቴል አለ። ያለፈውንም በስልክ አላመነችውም። ከሥራ ስትወጣ ሄዳ አይታ ቪዲዮ ላከችልን። የብረት ፍርግርግ ያለው ጥንታዊ ሊፍት ነው፤ በእጅ የሚከፈት፣ ውስጡ የምትታጠፍ የእንጨት መቀመጫ ያላት። እሷ ገብታ ቁጭ ብላ "እማማ፣ ወንበርም አለው!" ስትል ይሰማል። እማዬ ያንን ቪዲዮ ያላሳየችው ጎረቤት የለም።

ማሞቂያውንስ ማን ያስባል? ሮም ውስጥ የሕንፃ የጋራ ማሞቂያ በደንቡ መሠረት መብራት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከፈረንጆች ኖቬምበር 1 ቀን ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ሌሊቱ ቢበርድም ራዲያተሩ ግድግዳ ላይ ጌጥ ነው። ክፍሉ የራሱ ኤሲ እንዳለው፣ ኤሲው ሙቀትም እንደሚሰጥ ጠይቃ አረጋገጠች። ተጨማሪ ብርድ ልብስም አስቀምጣልን ደረስን።

ቪዛው ላይም ውለታዋ አለብን። ለሸንገን ቪዛ የማደሪያ ማረጋገጫ ይጠየቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያ ላይ ደንቡን ካጠበቀ ወዲህ ደግሞ መደበኛው የምላሽ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። ቪዛው ሳይታወቅ የማይመለስ ብር ከፍሎ መቀመጥ ልብ ያደርቃል። አዲስ አበባ ላይ "ቡኪንግ እናወጣለን" የሚሉ ደላሎች የሚሸጡት ደግሞ በማግስቱ የሚሰረዝ ወረቀት ነው፤ ኤምባሲው ሆቴሉ ጋ ቢደውል ጉድ ነው። እሷ የያዘችልን እውነተኛ አልጋ ነው፤ ቪዛው ባይመጣ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ።

አፓርታማ ለምትከራዩ ደግሞ ይህን ያዙልኝ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ጣልያን ውስጥ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ቺን የሚባል አገር አቀፍ መለያ ቁጥር ግድ ነው። ማስታወቂያው ላይ ከሌለ እለፉት። የከተማውን የማደሪያ ግብርም አትርሱ። በሰውና በሌሊት ነው የሚታሰበው፤ ባለ 3 ኮከብ ሆቴል 6 ዩሮ፣ ባለ 4 ኮከብ 7.50 ዩሮ። ኢንተርኔት ላይ ከከፈላችሁት ውጭ ስለሆነ ስትደርሱ ስትጠየቁ ተጭበረበርን ብላችሁ እንዳትጣሉ። ፓስፖርታችሁንም ሲቀበሏችሁ አትደንግጡ፤ እንግዳ በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው።

ምግቡን ልንገራችሁ። የሆቴሉ ቁርስ ካፑቺኖና በቅቤ የተጋገረ ኮርኔቶ ነው። ለጾመኛ ምን ይሠራል? ልጅቷ ያን ሰፈር የመረጠችበት አንዱ ምክንያት ተርሚኒ አካባቢ የኛም የኤርትራውያንም ምግብ ቤቶች ስላሉ ነው። እማዬ ማታ ማታ "እንጀራው እንደኛ ቤት ባይሆንም" እያለች ሽሮዋን ጥርግ አድርጋ ትነሳለች።

ጨዋታ ከተነሳ፣ ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ አደባባይ የተሰየመው በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ልጅቷ ይህን ስትነግራት እማዬ ቀጥ ብላ ቆመች። "አሉላ እዚህም አሉ እንዴ!" ከዚያ ወዲያ በዚያ ስናልፍ አረማመዷ ሌላ ሆነ፤ ጉልበቱም ተረሳ። በ1997 ዓ.ም. አገሩ የገባው የአክሱም ሐውልትም ቆሞ የነበረው እኔ የምሠለጥንበት ፋኦ ሕንፃ ፊት ለፊት ነበር። ወስጄ ቦታውን አሳይቻታለሁ።

ሁሉ ነገር ማር ነበር አልልም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሻንጣ ከተከፈተ መቆሚያ የለም። ተርሚኒ ዙሪያ ሲመሽ ደስ አይልም። ልጅቷ ይህን አልደበቀችንም፤ ማታ በየትኛው መንገድ እንደምንመለስ ካርታ ላይ አስምራ ላከችልን። ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ በኪስ አውላቂ የታወቀ ስለሆነ ቦርሳችሁን ከፊት ያዙ ብላ መክራናለች። እሷም ራሷ ቶሎ አትመልስም፣ ይህን እወቁት። ቀን ቢሮ ሰው ይበዛባታል። መልሷ ማታ በድምፅ ነው የሚመጣው፣ ረጅም ነው፣ መሐል ላይ ሌላ ወሬ ይገባበታል። እስከ መጨረሻው ስሙት። የአገልግሎት ክፍያዋ ከአንድ ሌሊት አልጋ ያንሳል።

ስልኳን ለመስጠት ፈቅዳልኛለች፤ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ስትጽፉላት ከማን ጋር እንደምትሄዱ፣ ጠዋት ጠዋት የት መድረስ እንዳለባችሁ፣ ደረጃ የማይችል ሰው እንዳለ ቀድማችሁ ንገሯት። ለፈረንጆቹ ፋሲካ የምትሄዱ በጣም ቀደም በሉ፤ ያን ሰሞን አልጋ ይወደዳል።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ እግዚአብሔር ይስጥልን። እማዬ በርበሬ አስፈጭታ ጨርሳለች፤ ወደ ሮም የሚመጣ ሰው ካለ ጠቁሚን።