አንጎልን፣ ሥነ ልቦናንና ትምህርትን ያጣመረ የሁለተኛ ዲግሪ፤ ከደብረ ማርቆስ ሆኜ ተምሬው ያየሁት

ባለፉት ሁለት ዓመታት ቀን ሳስተምር እየዋልሁ፣ ማታ ማታ በኢንተርኔት ከአንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ኒውሮሳይንስን (የአንጎልና የነርቭ ጥናትን)፣ ሥነ ልቦናንና ሥነ ትምህርትን ያጣመረ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ተከታትዬ በቅርቡ አጠናቅቄአለሁ። በጎጃም ልዩ ልዩ ወረዳዎች የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ገንዘብና ጊዜያቸውን ከማዋላቸው በፊት ቢያውቁት የምወደውን እጽፋለሁ።

መስኩ ገና ወጣት ነው። በሀርቫርድ ከርት ፊሸርን የመሳሰሉ ምሁራን ያስፋፉት ሲሆን፣ ዓለም አቀፍ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2004 ተመሥርቶ በ2007 የራሱን የምርምር መጽሔት ጀምሯል። ፕሮግራሙን ከልብ የማመሰግነው ግን ገና ከመጀመሪያው ሳምንት የአሜሪካዊውን ምሁር የጆን ብሩዌርን የ1997 ጽሑፍ ስላስነበበን ነው። ብሩዌር ከነርቭ ሕዋስ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ መማሪያ ክፍል መሻገር እንደማይቻል፣ መሸጋገሪያው ሥነ ልቦና መሆኑን ይሞግታል። በሁለት ዓመቱ ውስጥ ክፍሌን የለወጠው ትምህርት ሁሉ በእርግጥም ከሥነ ልቦናው በኩል የመጣ ነው፤ የአንጎል ምስሉ ለማስረዳት እንጂ እንዴት እንደማስተምር ለመወሰን አላገለገለኝም።

ከሁሉ የላቀው የማስታወስ ኮርስ ነበር። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ብልጫ ነበራቸው፤ ከሳምንት በኋላ ግን መጽሐፉን ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉት 56 በመቶ ሲይዙ፣ ደግመው ያነበቡት የያዙት 42 በመቶ ብቻ ነበር። ይህን ሳነብ በልጅነቴ የገባሁበት ንባብ ቤት ትዝ አለኝ። የቃል ትምህርቱን የምንቀበለው መጽሐፍ በማይታይበት በምሽት ጨለማ ነበር፤ የኔታም አዲሱን ከመስጠታቸው በፊት የትናንቱን በቃላችን ያስወጡን ነበር። ዛሬ እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ ያለፈውን ሳምንት ትምህርት ደብተር ሳይገለጥ በመጠየቅ እጀምራለሁ፤ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆች ሲመልሱ ማየት ለእኔ ከዲግሪው ወረቀት ይበልጥብኛል።

ስለ አንጎል በስሕተት የሚነገሩ እምነቶችን የሚመረምረው ኮርስም ጠቃሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ከተጠየቁት 242 የብሪታንያና የኔዘርላንድስ መምህራን ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተማሪን «በዓይን የሚማር»፣ «በጆሮ የሚማር» ብሎ ከፍሎ ማስተማር እንደሚጠቅም ያምኑ ነበር፤ ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። እኔም ይህንኑ በሥልጠና ተቀብዬ ለዓመታት ልጆችን ስከፋፍል ኖሬአለሁና፣ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

የንባብ ኮርሱ ግን አሳዝኖኛል። ፈረንሳዊው የአንጎል ተመራማሪ ስታኒስላስ ደሀን ማንበብ ስንማር በግራው የአንጎል ክፍል፣ ከኋላ ወደ ታች ያለ አንድ አካባቢ ጽሑፍን ለመለየት እንደሚሠለጥን፣ ይህም በተለያዩ የጽሕፈት ሥርዓቶች ተመሳሳይ እንደሆነ ያስረዳበት ሥራ በሚገባ ቀርቧል። ምሳሌዎቹ በሙሉ ግን እንግሊዝኛ ናቸው። የእንግሊዝኛ ጀማሪ የሚፈተነው አንዱ ፊደል ብዙ ድምፅ ስለሚይዝበት ነው፤ የእኛ ሕፃን ግን 33ቱን ፊደላት በየሰባቱ ቤት፣ በጠቅላላው 231 ቅርጾችን መለየት አለበት። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነውበታል፤ መጥበቅና መላላት ስለማይጻፍም «ገና» የሚለው ቃል በዓሉን ይሁን «እስካሁን» ማለትን የሚያውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። ማንበብ የሚቸግረውን ልጅ ለመርዳት የሚመዘገብ የአንደኛ ደረጃ መምህር የሚፈልገው ይህንን ነበር፤ ስለ እርሱ ግን አንድም ትምህርት አልተሰጠንም።

ስታትስቲክስ የማያውቅ ሰው ከመመዝገቡ በፊት መሠረቱን ይያዝ፤ በሦስተኛው ሳምንት ብዙዎች ያቋረጡት በዚያ ምክንያት ነው። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ያመለጠኝን ትምህርት በቅጂ ማየት ችያለሁ፤ ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ ገንዘቡን ማስተላለፍ ከትምህርቱ ባልተናነሰ አድክሞኛል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በፊደላችን ላይ ለመሥራት ካሰባችሁ፣ ሳትመዘገቡ በፊት አማካሪ ይኖር እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቃችሁ መልሱን ያዙ፤ እኔ ይህን ባለማድረጌ አማካሪ በመጠበቅ አራት ወር አልፎኝ፣ በመጨረሻ ርእሴን ለመቀየር ተገድጃለሁ።