የደሴ ውክልና ጸሐፊዎች፦ ለሽያጭ ጎበዝ፣ ስለ ሕመም ዝም

ደሴ ውስጥ በፍርድ ቤትና በፍትሕ መሥሪያ ቤት አካባቢ ኮምፒውተር ይዘው የሚጽፉት ሰዎች «ጠቅላላ ውክልና» ሲባሉ የተዘጋጀውን ቅጽ ይከፍታሉ፣ ስም ይቀይራሉ፣ ያትማሉ። ፍጥነታቸው አይታማም። ለሽያጭ ከ5 አምስት ይገባቸዋል፦ መሸጥ፣ በዋስትና ማስያዝ፣ መክሰስ፣ መታረቅ እያለ ቅጹ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ለጌጥ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 እነዚህ ልዩ ሥልጣን ይፈልጋሉ፤ «ማንኛውንም ሥራ ይሥራልኝ» ብቻ የሚል ወረቀት የያዘ ልጅ ኪራይና ዕዳ ይሰበስባል፣ ቤት ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ያከራያል፣ መሸጥ ግን አይችልም።

«ብታመም ልጄ ይድረስልኝ» ብሎ ለመጣ ሰው ግን ከ5 ሁለት እንሰጣቸዋለን። ቅጹ ስለ ሕመም አንዳች አይልም። በቁጥር 2232 መሠረት ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ብቻ ሳይሆን ለራሱ የመወሰን ችሎታ ሲያጣም ውክልናው ይቀራል። ወረቀቱ የሚፈርሰው የተጻፈለት ቀን ሲደርስ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ሳይታተም ይህችን አስጨምሩ፦ «በሕመም ወይም በእርጅና ችሎታዬን ባጣም ይህ ውክልና ጸንቶ ይቆያል።» «ቅጹ ላይ የለም» ይሏችኋል፤ ቅጽ ሕግ አይደለም። ፍርድ ቤት በሽተኛው ንብረቱን ራሱ እንዳያስተዳድር ከልክሎ ሞግዚት ከሾመ ግን ንብረቱን የሚያስተዳድረው ሞግዚቱ ነው።

ጊዜውም አይለፍ። መናገርም መረዳትም ያቃተውን ሰው አውራ ጣት ይዞ ማስፈረም ውክልና አይሆንም፤ ሰነዱን የሚያረጋግጠው ሹም ፈቃዱን ከራሱ ከወካዩ መስማት አለበት። ያኔ የሚቀረው ባል፣ ሚስት ወይም ዘመድ የሐኪም ማስረጃ ይዞ ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው።

ቤቱ የጋራ ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም ይወክሉ። ውክልናውን ስትሽሩ ዋናውን ወረቀት ተቀበሉ፤ በተወካዩ እጅ ከቀረ ገዢ ያምነዋል።

የስም ፊደልንም ከካርታው፣ ከመታወቂያውና ከባንክ ደብተሩ ጋር አስተያዩ። ካርታው «መሐመድ»፣ መታወቂያው «ሙሀመድ» ካለ ሁለቱም አንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ወካዩ ደህና ሳለ ይውጣ። ጸሐፊው መታወቂያውን ብቻ አይቶ ይጽፋል፤ ልዩነቱን የሚያገኘው የባንኩ ሠራተኛ ነው።