ቮልዩም የሌለው የጆሮ ማዳመጫ አምፕሊፋየር፦ 2 ወር ተጠቅሜ ያየሁት

እህቴ ከውጭ ስትመጣ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ የሚባል የጆሮ ማዳመጫ ይዛልኝ መጣች፣ ባለ 250 ኦሙን (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው)። ስልኬ ላይ ስሰካው ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ቤቴ አዳማ መናኸሪያው አካባቢ መንገድ ዳር ነው፤ ባጃጁ ሲያርፍ ቬንቲሌተሩ ይተካል፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ እሱን አጥፍቶ መቀመጥ አይታሰብም። ስልኩን እስከ መጨረሻው ከፍቼም አልበቃኝም።

ስለዚህ አምፕሊፋየር፣ ማለትም ድምፅ ማጉያ፣ ሠራሁ። ንድፉ ሲሞይ ይባላል፣ ቹ ሞይ ከሚባለው ሰው ስም የመጣ ነው፤ ብዙ ጀማሪ እጁን የሚፈታው በእሱ ነው። 1 አይሲ (ድምፁን የሚያጎላው ትንሽ ቺፕ)፣ ጥቂት ሪዚስተርና ካፓሲተር፣ 2 ጃክ፣ 1 ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ በቃ። ባትሪው ከአይሲው በላይ አስወጥቶኛል። እኔ ከንድፉ የቀነስኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቮልዩሙን፣ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚደረግበትን ቁልፍ።

ምክንያቱም ርካሽ ቮልዩም አውቃለሁ። ዝቅ ስታደርገው አንዱ ጆሮ ቀድሞ ይጠፋል። የአዳማ ንፋስና አቧራ ትንሽ ከገባበት ደግሞ በነካኸው ቁጥር ክርርር ይላል። ስልኩ የራሱ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ እያለው ሁለተኛ ምን ያደርግልኛል? አሁንም አቋሜ ይሄው ነው፤ ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር ለሚሰማ ሰው ቮልዩም አያስፈልግም። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፣ ይሄን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለእሱ ነው።

የተለመደው ንድፍ ድምፁን 11 እጥፍ ያጎላል። ባለ 10 ኪሎ ኦሙን ሪዚስተር ለባለ 1 ኪሎ ኦሙ ታካፍልና 1 ትደምራለህ፣ 11። ቮልዩም ላለው ሰው ችግር የለውም፣ ይቀንሰዋል። እኔ ቮልዩሙን አውጥቼ 11ዱን እንዳለ ተውኩት። የስልኬ ድምፅ 15 ደረጃ አለው፣ 3ኛው ላይ ጆሮዬ ጮኸ። ወደ 2 ስመልሰው ደግሞ ከሙዚቃው ሥር ሽሽሽ የሚል ነገር አለ፤ የስልኩን ድምፅ በጣም ዝቅ አድርገህ መልሰህ 11 ጊዜ ስታጎላው የስልኩ የራሱ ሹክሹክታም አብሮ ይጎላል። ከፍ ላድርገው ብትል ደግሞ 9 ቮልት ባትሪ የሚሰጠው ቦታ ጠባብ ስለሆነ የድምፁ ጫፍ ይቆረጥና ይሻክራል።

መፍትሔው 2 ሪዚስተር ነው። ሁለቱን 10 ኪሎ ኦሞች አውጥቼ (ለቀኝ አንድ፣ ለግራ አንድ) በ2.2 ኪሎ ኦም ቀየርኳቸው። 3.2 እጥፍ ሆነ። አሁን ስልኩ 8 ወይም 9 ላይ ሆኖ ነው የምሰማው፣ ሽሽታው ጠፍቷል። ክራር ሲመታ ከድምፁ በፊት ጥፍሩ ክሩን ሲነካ ይሰማኛል። ለዓመታት የሰማሁት ዘፈን ውስጥ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ የሰማሁት አሁን ነው፣ እውነት።

አንድ ነገር አደራ። ቮልዩሙን አወጣሁ ብላችሁ መግቢያው ላይ ያለውን የ100 ኪሎ ኦም ሪዚስተር አብራችሁ እንዳታወጡት። የአይሲው መግቢያ መሬት (የዜሮ ቮልት መነሻ) የሚያገኘው በእሱ በኩል ነው። እሱ ከሌለ መውጫው ወደ አንዱ ጫፍ ይሄድና የባትሪው ቮልቴጅ ቀጥታ ጆሮ ማዳመጫው ላይ ያርፋል፤ ማዳመጫው ሊቃጠል ይችላል። የእኔን ከመሰካቴ በፊት መውጫውን በሜትር ለካሁ፣ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው ያሳየኝ፣ ከዚያ ነው የሰካሁት።

ስለ አይሲው፦ አንድ መለዋወጫ ቤት 5532 የሚባለውን ብጠይቅ "ያው ነው" ብለው ቲኤል072 ሰጡኝ። እግሩ ልክ ነው፣ ሶኬቱ ላይ ይገባል፣ ግን ያው አይደለም። በእኔ 250 ኦም ላይ ደህና ነበር። ታናሽ ወንድሜ የራሱን ባለ 32 ኦም ኤርፎን ሲሰካው ቤዝ በመጣ ቁጥር ተንኮሻኮሸ፣ ቲኤል072 ለእንደዚያ ዓይነቱ የሚበቃ ከረንት አያወጣም። ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ጋ ሄድኩ። "ጋሼ፣ 5532 አይኖርዎትም?" ስላቸው "አዲሱን አላውቅም ልጄ፣ አሮጌ ሚክሰር ውስጥ ግን አይጠፋም" ብለው የሞተ ሚክሰር ከጥግ አወጡ። ራሳቸው በመበየጃ ነቅለው ሰጡኝ፣ እግሩ እንዳይሰበር በትዕግሥት፣ አንድ በአንድ። ኤንኢ5532 ነው፣ እስካሁን እሱው ነው ያለው። ኦፒኤ2134 ካገኛችሁ ግን እሱን ውሰዱ፣ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ለመሥራት የተሻለ ነው። ሶኬት ማድረግ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፣ ነቅሎ መቀየር ነው።

ሳጥኑን መጀመሪያ በፕላስቲክ የሳሙና ዕቃ ነበር ያደረግኩት። ስልክ ሊደወል ሲል ድርድርድር የሚለው ድምፅ ሁሉ ገባበት። ወደ ከረሜላ ቆርቆሮ ሳዛውረው ጸጥ አለ። ቆርቆሮ ስትጠቀሙ የባትሪው ኔጌቲቭ ቆርቆሮውን እንዳይነካ ቴፕ አድርጉበት፤ በዚህ ንድፍ የጃኩ መሬት ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አንድ አይደለም፣ መሃል ላይ ያለ ሰው ሠራሽ መሬት ነው።

የማልወድለት ነገርም አለ። ሲበራ ጧ ይላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ አብርቼ ነው ማዳመጫውን የምሰካው። ዘፈን ከዘፈን ድምፁ ሲለያይ ስልኩን ማንሳት ግድ ነው፣ ተኝቶ ለሚሰማ ይሰለቻል። አልካላይን ባትሪ ማታ ማታ 2 ሰዓት እየሰማሁበት 2 ሳምንት አካባቢ ይቆየኛል፣ ርካሹ ግን ቶሎ ይሞታል። መብራት ሲጠፋ ግን ይሄው ባትሪ ነው የሚያስደስተኝ፣ ሰፈሩ ጨልሞ እኔ እሰማለሁ።

ስልካችሁ ኤርፎናችሁን በደንብ የሚያስጮህላችሁ ከሆነ አትድከሙ፣ ምንም አይጨምርላችሁም። 250 ወይም 300 ኦም ማዳመጫ ላለው ነው የምመክረው። ወንድሜ ግን ለእሱም ካልሠራህልኝ ብሎ ይዞኛል። የእሱ ኤርፎን በትንሽ ኃይልም ስለሚጮህ 2 እጥፍ ይበቃዋል፣ ሁለቱም ሪዚስተር 1 ኪሎ ኦም። ዕቃው ተገዝቷል፣ የቀረን ቆርቆሮ ነው።