ዘንጉ እምቢ ሲል፦ የሴንት አልባንስ ሳውዝ ሲግናል ቦክስ ጉብኝት

ለንደንና አካባቢው ያላችሁ፣ ለአንድ እሁድ ከሰዓት መሄጃ ካጣችሁ ሴንት አልባንስ ሂዱ። ካቴድራሉን አይደለም የምላችሁ፣ እሱን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሴንት አልባንስ ሲቲ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ሐዲዱ ዳር የቆመች አሮጌ የእንጨት ቤት አለች። ሴንት አልባንስ ሳውዝ ሲግናል ቦክስ ትባላለች፤ ሲግናል ቦክስ ማለት የባቡር ምልክቶችንና ሐዲዶችን የሚያዙባት ቤት ናት። ሚድላንድ የተባለው የባቡር ኩባንያ በ1892 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የሠራት ናት። ሥራዋን ካቆመች በኋላ ብዙ ዓመት ተዘግታ ቆይታ በጎ ፈቃደኞች አድሰው ለጎብኚ ከፈቷት። መግቢያው ነጻ ነው።

እንግሊዝ አገር የባቡር ሙዚየም ሞልቷል። አብዛኛው የሚያሳያችሁ ግን ሎኮሞቲቩን ነው። ትልቁን ጥቁር ብረት፣ የሚያብረቀርቀውን ነሐስ፣ የአንደኛ ማዕረጉን ወንበር። እኔም እወደዋለሁ፣ አልዋሽም። ያ ሁሉ ባቡር በአንድ ሐዲድ ላይ እየተከታተለ እንዴት ሳይጋጭ ይሄድ እንደነበር የሚያሳይ ቦታ ግን ጥቂት ነው። አንድ ስሙን የማልጠራው ሙዚየም ውስጥ የሲግናል ክፍሉን ለማየት ብዬ ሁለት ሰዓት ተጉዤ ስደርስ በገመድ ታጥሮ "አይነካም" ተለጥፎበት አገኘሁት። ከገመዱ ወዲህ ቆሜ ዘንጎቹን ከሩቅ አይቼ ተመለስኩ። እዚህ ግን ይነካል። ስለዚህ ነው የምጽፈው።

ደረጃውን ስትወጡ ዙሪያውን መስኮት የሆነ አንድ ክፍል ታገኛላችሁ። መስኮት የበዛው ሠራተኛው ሐዲዱን በሁለቱም አቅጣጫ ማየት ስላለበት ነው። መሀል ላይ 44 የብረት ዘንጎች ተሰልፈው ቆመዋል። ቀለማቸው ለውበት አይደለም። ቀይ የማቆሚያ ምልክት ነው። ቢጫው ለባቡር ነጂው ከሩቅ የሚያስጠነቅቀው ምልክት ነው። ጥቁሩ ሐዲዱን ወደ ሌላ መስመር ያዞረዋል፣ ሰማያዊው ደግሞ የዞረውን ሐዲድ እንዳይንቀሳቀስ ይቆልፋል። ነጭ ከሆነ ሥራ የለውም። ዘንጉን ባዶ እጅ አይይዙትም፣ በጨርቅ ነው። የእጅ ላብ ብረቱን ያዝገዋላ! ጨርቁን ተቀብዬ ስይዝ ይቺ ትንሽ ነገር ለምን እንደሆነ አላውቅም ልቤን ነካችው። አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በዚህ ጨርቅ ዘንግ ሲጎትት አድሮ፣ ጠዋት ለተረኛው ጓደኛው ንጹሕ ብረት አስረክቦ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

የዘጠኝ ዓመት ልጄ አብራኝ ነበረች። ቀጥ ብላ ሄዳ ቀዩን ያዘች። አልነቃነቅ አለ። በሁለት እጇ ሞከረች፣ ወደ ኋላ ተንጋለለች፣ ምንም የለም። "አልቻልኩም፣ ከበደኝ" አለች። አጠገቧ የነበሩት ሽማግሌ በጎ ፈቃደኛ ሳቁና "ከብዶሽ አይደለም፣ እምቢ ብሎሽ ነው" አሏት። ሐዲዱ ገና ወደሚፈለገው መስመር አልዞረም፣ አልተቆለፈምም። በመጀመሪያ ጥቁሩን፣ ቀጥሎ ሰማያዊውን አስጎተቷት፤ ከዚያ ያ እምቢ ያለው ቀይ ዘንግ ገጭ ብሎ መጣላት። ፊቷን ብታዩት!

ነገሩ ከወለሉ ሥር ነው ያለው። እዚያ ታች ጥርስ የወጣላቸው የብረት ዘንጎች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል ወይም ይለቀዋል። ሁለት ባቡር እንዲጋጭ የሚያደርግ ትእዛዝ ልስጥ ብትሉ ብረቱ ራሱ ይከለክላችኋል። ኮምፒውተር የለም፣ ኤሌክትሪክም አያስፈልገውም። ጆን ሳክስቢ የሚባል እንግሊዛዊ የዚህን አሠራር የመጀመሪያ የፈጠራ ባለቤትነት ፈቃድ ያወጣው በ1856 ነው። እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ ሰው ስህተት መሥራት እንኳን እንዳይችል አድርጎ አንድን ነገር መሥራት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እነሱ ይህንን በመዶሻና በሞረድ ሠርተውታል።

ደወሉ ደግሞ አለ። ለእኔ ከሁሉም የበለጠው እሱ ነው። ግራና ቀኝ ካሉት ሲግናል ቤቶች ጋር የሚያወሩት በደወል ነበር። አንድ ጊዜ ከተመታ "አለህ ወይ?" ነው። ያኛውም አንድ መትቶ "አለሁ" ይላል። አራት ተከታታይ ምት "ፈጣን የመንገደኛ ባቡር አለኝ፣ ትቀበለኛለህ?" ማለት ነው። ወዲያ ማዶ ያለው የሚቀበል ከሆነ አራቱን መልሶ ይመታል። ባቡሩ ሲያልፍ ሁለት ምት፣ "መጣልህ"። ተቀባዩ መልሶ ሁለት፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ ከመታ "ከእኔ ክልል ወጥቷል"። ይህን ከማለቱ በፊት ግን የመጨረሻው ፉርጎ ጀርባ ላይ ያለውን ቀይ መብራት በዓይኑ ማየት አለበት፤ መብራቱ ከሌለ ባቡሩ ተቆርጦ የቀረው ግማሹ መንገድ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዷ ምት ከነሰዓቷ መዝገብ ላይ ትጻፋለች። እኛም እንደ ልምምድ ደወሉን መትተን፣ መልስ ጠብቀን፣ የሌለ ባቡር አሳለፍን።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ነገር አልመጣም። ሰኔ 1889 አየርላንድ ውስጥ አርማ (Armagh) ከተማ አጠገብ ልጆች የጫነ የሽርሽር ባቡር ዳገት አቅቶት ቆመ። ለሁለት ሲከፍሉት የኋለኞቹ ፉርጎዎች ቁልቁል ተንሸራተው ከኋላ ከሚመጣው ባቡር ጋር ተጋጩ። ወደ 80 ሰው ሞተ። በዚያ መስመር ባቡሮቹን የሚለያያቸው የደቂቃ ልዩነት ብቻ ነበር፤ የፊተኛው መንገዱን ለቅቆ መሄዱን የሚያረጋግጥ ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ነው ይህን የዘንግና የደወል አሠራር ግዴታ ያደረገው።

ስለ ድሮ ባቡር ጉዞ ሲወራ ሰው የሚያነሳው ጭሱን፣ ፊሽካውን፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ያለበትን የምግብ ፉርጎ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ግን በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣብኝ ከሴንት ፓንክራስ ተነስቶ ወደ ስኮትላንድ የሚሄደው የሌሊት ባቡር ነው። መንገደኛው ብርድ ልብሱን ተሸፋፍኖ ተኝቷል። ከውጭ፣ በየጥቂት ማይሉ፣ ፋኖስ ያበራ አንድ ሰው ደወል ይመታል፣ ዘንግ ይጎትታል፣ ቀዩን የኋላ መብራት አይቶ ለቀጣዩ ያስረክበዋል። መንገደኛው አንዳቸውንም አያውቅም። እንዲህ ዓይነት ቤት በብሪታንያ በደጉ ጊዜ ከ10,000 በላይ ነበር።

አንድ የገረመኝን ልጨምር። የምልክቱ መብራት ድሮ የላምባ ነበር። አረንጓዴ እንዲያሳይ የሚገጠምለት መስታወት ግን ወደ ሰማያዊ ያደላ ነው፤ የላምባው ነበልባል ራሱ ቢጫ ስለሆነ ሁለቱ ሲደመሩ ከሩቅ አረንጓዴ ይሆናል። ይህን የሰማሁት ግቢው ውስጥ ነው። ልጄ ግን አላመነችም፣ መስታወቱን ደጋግማ አየችው።

ለመሄድ ያሰባችሁ፦ በየቀኑ ክፍት አይደለም፣ የሚከፈተው በተወሰኑ እሁዶች ነውና ከመነሳታችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን እዩ። ከሴንት ፓንክራስ በፈጣኑ ባቡር 20 ደቂቃ አካባቢ ነው። ስትጎትቱ በክንዳችሁ አትታገሉ፣ እግራችሁን ተክላችሁ በሙሉ ሰውነታችሁ ወደ ኋላ ተንጋለሉ። ቸኩላችሁ አትሂዱ፤ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፣ ካልጠየቃችኋቸው ግማሹን ሳትሰሙ ትወጣላችሁ። ከእኔ አምስት ከአምስት ነው። ልጄ የሚቀጥለውን ክፍት እሁድ ካላንደሩ ላይ አክብባበታለች፣ በዚህኛው ዙር ደወሉን እሷ ናት የምትመታው።