ነጩ ዱቄት ወይስ ቢጫው?

ብርሃን ተቀብሎ ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥን ዱቄት ፎቶካታሊስት ይባላል። ነባሩ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ የግድግዳ ቀለም የሚነጣበት። ጃፓናውያኑ ኬሚስቶች ፉጂሺማና ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ውሃን በብርሃን የሰነጠቁት በእሱ ነው። ርካሽ ነው፣ ሙቀትም ውሃም አይበግረውም። ግን የሚጠቀመው አልትራቫዮሌትን ነው። ያ ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ተቀናቃኙ አሚን (ናይትሮጅን ያለው የአቶሞች ቡድን) ያለበት ሚል-125 ነው፤ ብረትና ካርቦናዊ ውህድ ተያይዘው የሚሠሩት ባለቀዳዳ ማዕቀፍ። እዚህ ስምንት የታይታኒየም አቶሞች በኦክስጅን ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። ቀለበቶቹን የሚያገናኘው የቴሬፍታሊክ አሲድ ዘመድ ነው፤ አዎ፣ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሠራበት አሲድ። የታይታኒየሙ ውህድና አሲዱ ዲኤምኤፍና ሜታኖል በተባሉ ፈሳሽ ማሟሚያዎች ተዘፍቀው፣ በተዘጋ የብረት ዕቃ በ150 ዲግሪ ይበስላሉ። የሚወጣው ዱቄት ቢጫ ነው። ቁምነገሩም ቢጫነቱ ላይ ነው፦ አሚኑ ሰማያዊ ብርሃን ይውጣል። የኃይል ክፍተቱ፣ ማለትም ዱቄቱን ለማንቃት ብርሃኑ ሊኖረው የሚገባው ትንሹ ኃይል፣ ከነጩ 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ወደ 2.6 ገደማ ይወርዳል። በላዩ ላይ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ውስጡ ይይዛል።

በሚታይ ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ፎርሜት (የፎርሚክ አሲድ ጨው) ሲቀይር ግን ትራይኤታኖልአሚን ይቀለብለታል፤ ኤሌክትሮን እየሰጠ ራሱ የሚያልቅ ኬሚካል። ይቺ ትንሽ ማጭበርበር ትመስለኛለች። ለቆሻሻ ውሃ እኔ ነጩን እመርጣለሁ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ቢጫውን።