ብስክሌታችሁ የት ይቆማል? ከፒያሳ እስከ እንጦጦ ሥር የጠጣናቸው ቡናዎች

ቡና ቤትን በቡናው ብቻ የሚመዝን ሰው በእግሩ ወይም በመኪና የመጣ መሆን አለበት። በብስክሌት የመጣ ሰው ገና ከበሩ ሳይደርስ ዓይኑ ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ ብስክሌቱን የሚያስደግፍበት ግድግዳ፣ የሚያስርበት ብረት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲኒውን ይዞ ብስክሌቱን ማየት የሚችልበት መቆሚያ። እሑድ ጠዋት ተሰባስበን የምንነዳ ጓደኛሞች በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክረናል። መካከላችን የጥርስ ሐኪም አለ፣ የኬሚስትሪ መምህርት አለች፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ገና ዩኒቨርሲቲ ያልጨረሰ ጎረምሳም አለ። ቡና ይጥቆር ወይስ ይንጣ በሚለው እንኳ ተስማምተን አናውቅም። ብስክሌት እየጠበቁ የሚጠጣ ቡና ጣዕም እንደሌለው ግን ማናችንም አንክድም። ስለዚህ ይህ ግምገማ ከሲኒው ሳይሆን ከበሩ ይጀምራል።

አዲስ አበባ ለብስክሌት አትመችም የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ወደ ሰሜን በነዱ ቁጥር ደግሞ ከፍታው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ቢሆንም በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ዋና ዋና መንገዶች በወሩ መጨረሻ እሑድ ለመኪና ሲዘጉ ብዙ ሰው ከቤቱ ጥግ አቧራ የጠጣ ብስክሌቱን አውጥቷል። ከዚያ ወዲህ የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው ጎዳናዎች ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሠርቷል። መንገዱ እንግዲህ እንደምንም ተገኝቷል። መንገዱ ዳር ያሉት ቡና ቤቶች ግን ብስክሌተኛ የሚባል ደንበኛ መምጣቱን ገና አልሰሙም።

የመጀመሪያው መቆሚያችን ፒያሳ የሚገኘው ቶሞካ ነው። ከመስቀል አደባባይ ተነስተን በለገሃር ታጥፈን ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ እንይዛለን። ይህ ዳገት በታክሲ ለሚሄድ ሰው ዳገት አይመስልም፤ ማርሽ ሲያልቅበትና ማዘጋጃ ቤቱ አሁንም ሩቅ ሆኖ ሲታየው ለሚገፋ ሰው ግን ሌላ ነው። ፒያሳ ስንደርስ ልባችን በጆሯችን ይመታል፣ እግራችን ይንቀጠቀጣል፣ መቀመጫችንም መቀመጥ የሚባል ነገር መስማት አይፈልግም። ቶሞካ ደግሞ ቆመው የሚጠጡበት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተው ይህ ቤት ከፍ ባሉ ክብ ጠረጴዛዎቹ ዙሪያ እንግዶቹን አቁሞ ነው የሚያስተናግደው። ሌላው ሰው ወንበር ስለሌለ ቶሎ ጠጥቶ ይወጣል፤ ከኮርቻ ላይ የወረደ ሰው ግን ለወገቡ እረፍት የሚያገኘው በዚህ አቋቋም ነው። አስቀድሞ ይከፈላል፣ ደረሰኙ ለቡና ቀጂው ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ ጥበቃው አጭር ነው።

ቡናው ጠንካራ ነው። ጠቆር ተደርጎ የተቆላ፣ ከማሽኑ ሲወርድ ላዩ ላይ ቡናማ አረፋ የሚይዝ፣ ምላስ ላይ ትንሽ መረር ብሎ ጉሮሮ ላይ የሚጣፍጥ ዓይነት ነው። የጥርስ ሐኪሙ ስኳር አይነካም፤ የባንክ ሠራተኛው ሦስት ማንኪያ ይጨምራል፤ ሐኪሙ ያንን እያየ ዝም ማለት አልሆነለትም። እኔ ጠቆር ያለ ማኪያቶ ነው የማዘው። ወተቱ ከላይ፣ ቡናው ከሥር ሆኖ ሲመጣ ሳላማስል የመጀመሪያውን ጉንጭ እወስዳለሁ፤ ስኳሩን የምጨምረው ከዚያ በኋላ ነው። ወደዚህ ቤት የምንሄደው ለመብላት አይደለም፤ የራበው ሰው አስቀድሞ ሌላ ቦታ ይቅመስ። በወረቀት ከረጢት የሚሸጠውን የተቆላ ቡና ገዝቶ በጀርባ ቦርሳ ማስገባትም አንድ ዘዴ ነው፤ እስከ ቤት ድረስ ሽታው ይከተላችኋል።

ብስክሌቶቻችንስ? ከበሩ አጠገብ ተደጋግፈው ይቆማሉ፤ እኛም ለበሩ ቅርብ የሆነውን ጠረጴዛ እንይዛለን። አንድ ጊዜ ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት ወደ እኛ ጠጋ ብለው «ልጆቼ፣ ገረመው ደንቦባን ታውቁታላችሁ?» አሉን። ጎረምሳው አላውቅም ሲል እጅግ አዘኑበት። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ጨዋታ ብስክሌተኞች እንደነበሯት፣ ገረመውም ከእነሱ አንዱ እንደነበረ ነገሩን። ጎረምሳው ላለመሸነፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ የገባውን የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ፣ ጽጋቡ ግርማይን ጠቀሰላቸው። አዛውንቱ ትንሽ አሰብ አድርገው «እሱም ጎበዝ ነው፤ ግን የእኛ ዘመን ብስክሌት ይከብድ ነበር» ብለው ቡናቸውን ጨለጡ። የእንዲህ ዓይነት ወሬ ዋጋ ከደረሰኙ ላይ አይጻፍም።

ከፒያሳ ወጥተን ሌሎች ሰፈሮችንም ሞክረናል። ሳሪስ አካባቢ ያለ አንድ ኬክ ቤት ቦምቦሊኖው ትኩስና ለስላሳ ነው፤ ቡናው ግን አሯል፤ ይኸው ነው።

ቦሌ አካባቢ ስላለው ቤት ግን ሰፋ አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ስሙን ባልጠራም። መስታወቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ነው፤ ወንበሮቹ ያማሩ ናቸው፤ ቡናው የጉጂ ነው፤ በወረቀት ማጥለያ ቀስ ብሎ እየተንጠባጠበ ይዘጋጃል። ሲቀመስ የሎሚ ዓይነት ጣፋጭ ኮምጣጣነት አለው፤ ያለ ስኳር ይጠጣል፤ በንጽሕናም በሙያም ካየናቸው ሁሉ የላቀ ነበር ብል አላጋነንኩም። ችግሩ የጀመረው ከውጭ ነው። ጥበቃው ብስክሌቶቻችንን ሲያይ እጁን እያወዛወዘ መጣ። «እዚህ ማቆም አይቻልም፤ የመኪና ቦታ ነው» አለን። ግድግዳው ሥር እናስጠጋው ስንለው ቀለሙ ይበላሻል አለ። ዛፉ ላይ እንሰረው ስንል ዛፉ የድርጅቱ ነው አለ። ይህን ሁሉ ሲነግረን አንድ ትልቅ መኪና የእግረኛውን መንገድ ግማሽ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ለእሱ ግን ሰላምታ ነበረው። በጥበቃው አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ያዘዘው ሰው ግን ብስክሌት ያለው ሁሉ ገንዘብ የሌለው ይመስለዋል።

በመጨረሻ ተራ ገባን። ሁለት ሰው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፣ የቀረነው ገብተን እንጠጣለን፣ ከዚያ እንቀያየራለን። ለመወያየት የተገናኘን ጓደኛሞች እርስ በርሳችን በመስታወት እየተያየን ጠጣን። ያ ሁሉ የተለፋበት ቡና አንገቱን ወደ በሩ ላጣመመ ሰው ምን ያደርግለታል? በዚያ ላይ የአንዱ ስኒ ዋጋ እንጦጦ ሥር ስድስት ሰው ያጠጣል። ለቡናው ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ፤ ለቤቱ ግን ግማሹን እንኳ አልሰጥም። በራቸው ላይ አንድ የታጠፈ ብረት ቢተክሉ ግን ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ እንጦጦ ሥር ልውሰዳችሁ። ከስድስት ኪሎ ወደ ላይ፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፋችሁ፣ የሽሮ ሜዳን የጥበብ ልብስ ሱቆች በግራና በቀኝ ትታችሁ ስትወጡ መንገዱ እየቀናበት ሳይሆን እየከፋበት ይሄዳል። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ የባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣል፤ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ሲወርዱ እናንተ ከባዶ ብስክሌት ጋር ስለተንገዳገዳችሁ ታፍራላችሁ። ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ከአንድ ጎሚስታ አጠገብ፣ በሸራና በቆርቆሮ የተሠራች የጀበና ቡና ቤት አለች። ምልክት የላትም። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፤ እሳቸው ደግሞ እኛን «የኔ ፈረሰኞች» ይሉናል።

መጀመሪያ የሄድን ዕለት ብስክሌቶቹን የት እናድርጋቸው ብለን ስንጠይቅ ምንም መልስ ሳይሰጡ ጎሚስታውን ጠሩት። በተከታዩ ጊዜ ስንመጣ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች መሬት ላይ ተተክለው፣ በላያቸው አንድ ረጅም አጠና በሚስማር ተመትቶ አገኘነው። ቁመቱ ከኮርቻችን ልክ ነው። ብስክሌቱን በኮርቻው አጠናው ላይ ታንጠለጥሉታላችሁ፤ የፊት ጎማው መሬት ይነካል፣ የኋላው አየር ላይ ይቀራል፤ አይወድቅም፣ አይንሸራተትም። ጎሚስታው እዚያው እንዳለ ካቴናውን ዘይት ይቀባል፤ የላላ ፍሬን ካለም ያጠብቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የብስክሌት ማቆሚያ ያለው ቡና ቤት አላየሁም።

ቡናው ጊዜ ይወስዳል፤ የቸኮለ ሰው አይሂድ። እትዬ ቀድመው የተቆላ አያስቀምጡም። ጥሬውን አጥበው ብረት ምጣድ ላይ ያደርጉታል፤ ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር ምጣዱን አንስተው ጭሱን በፊታችን ያዞሩታል። ከዚያ ሙቀጫና ዘነዘና። ጀበናው ከከሰሉ ላይ ሆኖ አረፋው ወደ አንገቱ ሲወጣ ቶሎ አነሳ ያደርጉና ጥቂት ሲኒ ላይ ቀድተው መልሰው ይጨምሩበታል፤ ይህን ደጋግመው አድርገው ሲያበቁ ጀበናውን ማቶት ላይ ጋደም አድርገው እስኪሰክን ይተዉታል። በዚህ ጊዜ ማንም ቢለምናቸው አይቀዱም። የባንክ ሠራተኛው አንድ ቀን ቸኩሎ «እትዬ፣ ስብሰባ አለኝ» ቢላቸው «በእሑድ? ለቡና አትዋሽ የኔ ልጅ» ብለው አሳፍረውታል።

መምህርቷ ጓደኛችን ስለዚህ ቡና የራሷ ማብራሪያ አላት። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ። ስለዚህ ቡናው ጀበና ውስጥ ቢቆይም ያን ያህል አያርርም፣ ምሬቱም ይለዝባል ትላለች። እትዬ ይህን ሰምተው ምስጢሩ የወለጋ ቡና መሆኑ ላይ ነው አሉ። ክርክሩ አልተፈታም፤ እኔ ለሁለቱም እውነት ሰጥቻለሁ። አቦሉ ወፍራም ነው፣ ጤና አዳም ጣል ተደርጎበት ሲመጣ አፍንጫ ይከፍታል። ቶናውን እወደዋለሁ፤ በረካው ግን ቀጥኗል፤ ሰው ሲበዛ ውኃ ይበዛበታል። ይህን በፊታቸው ብዬዋለሁ፤ አልተቀየሙኝም፤ አልተለወጠምም።

ላብ በዚያ ብርድ ቶሎ ሰውነት ላይ ይቀዘቅዛል። ዳገቱን ስትወጡ እሳት የነበረው ጀርባችሁ በርጩማ ላይ ከተቀመጣችሁ በኋላ እንደ በረዶ ይሆናል። እትዬ ይህን ስላወቁ ጥግ ላይ ጋቢዎች ያስቀምጣሉ፤ የለቅሶ ቤት መሰልን እያልን እየሳቅን እንከናነባለን። ከቡናው ጋር ቆሎ ይመጣል፤ የሚበላ ነገር ከፈለጋችሁ ትኩስ ድፎ ዳቦ አለ፤ ጾም ካልሆነ እንቁላል ይጠበስላችኋል። ዳቦው ከሥሩ ኮባ ይሸታል፤ ወፍራም ቅርፊቱን ለመቁረስ የሁለት እጅ ጉልበት ይጠይቃል። የታጠበ ሲኒ የሚለቀለቅበት ውኃ ቶሎ ቶሎ ቢቀየር ግን ደስ ይለኝ ነበር። መጸዳጃ ቤቱንም ባልጠቅሰው ይሻላል።

አንድ ሲኒ 25 ብር ነው፤ በቴሌብርም ይከፈላል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ከሰሉ ገና ስላልተያያዘ ትጠብቃላችሁ፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ የሚመለሰው ሰው በርጩማውን ሁሉ ይይዘዋል። ስለዚህ በመካከሉ ድረሱ። ስትመለሱ ቁልቁለቱ የዋዛ አይደለምና ፍሬናችሁን ከመነሳታችሁ በፊት ለጎሚስታው አሳዩት፤ እሱ ባይኖር እንኳ መለወጫ ካላማዳሪያና መንፊያ ይዛችሁ ውጡ፣ እሑድ ጠዋት ሁልጊዜ ቶሎ አይከፍትም።