የመኮንኖች ሜስ ጃኬት በኪልት ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የምንገመግመው ያገለገለ የብሪታንያ ጦር ሜስ ጃኬት ነው፤ መኮንኖች በክበባቸው ለማታ ግብዣ የሚለብሱት ዓይነት። ጨርቁ ባራቲያ የሚባል ጥብቅ ሽመና ያለው ቀይ ሱፍ ነው፤ ኮሌታውና የእጅጌው ጫፍ ጥቁር ሰማያዊ። ወገብ ላይ ያልቃል፣ ፊቱም አይቆለፍም። ከቅዱስ እንድርያስ ቀን (ኖቬምበር 30) ጀምሮ በዘመን መለወጫ ጭፈራ፣ በጃንዋሪ 25 የበርንስ እራት (የስኮትላንዱ ባለቅኔ ሮበርት በርንስ መታሰቢያ) እና በሠርጎች ላይ ከጥቁር አረንጓዴ ታርታን (ባለ መስመር የስኮትላንድ ጨርቅ) ኪልት ጋር ተለብሷል፤ ኪልት ወንዶች የሚለብሱት የስኮትላንድ ሽንሽን ጉርድ ነው። በስኮትላንድ ለእንዲህ ያለ ማታ የተለመደው ፕሪንስ ቻርሊ የተባለው ጥቁር ኮት ስለሆነ፣ የምናወዳድረውም ከእሱ ጋር ነው።

ነገሩ ሁሉ ርዝመት ላይ ነው። ፕሪንስ ቻርሊ ከኋላ አጫጭር ጭራ ስላለው ኪልቱ ትንሽ ዝቅ ቢል ይሸፍንለታል፤ ሜስ ጃኬት ግን ምሕረት የለውም። የወታደር ኪልት የሚታሰረው ከእምብርት በላይ፣ ወደ ጎድን አጥንት ተጠግቶ ነው፤ ጃኬቱም የተቆረጠው ለዚያ ከፍታ ነው። ኪልቱ እንደ ሱሪ ዳሌ ላይ ከታሰረ (የኪራይ ኪልት ብዙ ጊዜ የሚታሰረው እንደዚያ ነው) ከጃኬቱ ሥር በሚለበሰው ሰደርያና በኪልቱ መካከል ነጭ ሸሚዝ ብቅ ይላል። መስታወት ፊት ቀጥ ብሎ መቆም ይህን አያሳይም። ሁለቱን እጆች ወደ ላይ ማንሣት፣ ከዚያ መቀመጥ፣ ከዚያ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

ከመግዛት በፊት ኪልቱን አጥብቆ አስሮ፣ ከአንገት ሥር ጎላ ካለው የጀርባ አጥንት እስከ ኪልቱ የላይ ጠርዝ መለካት ይገባል። የጃኬቱ ጀርባ ከዚያ ልኬት ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም ጥሩ ነው። ሰደርያው ደግሞ ከፊት የኪልቱን ጠርዝ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሸፍን። ጃኬቱ ካጠረ ልብስ ሰፊ አያድነውም፤ ከታች የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ የለውም ማለት ይቻላል። ከረዘመም ሲቀመጡ ሽንሽኑ ላይ ያርፍና ትከሻውን ወደ ላይ ይገፋዋል። እጅጌ ሲረዝም የሚያጥረው ከትከሻው በኩል ነው፤ ጫፉ ላይ የተሰፋው ሰማያዊ ጨርቅ ከታች አያስቆርጥም። ይህን ሥራ ርካሽ ዋጋ የሚጠራ ሰፊ ምናልባት ጃኬቱን ገልብጦ አላየውም።

ጀርባ የሌለው፣ በማሰሪያ ብቻ የሚያዝ ሰደርያ አብሮ ቢቀርብ አይወሰድ። ጃኬቱ እስካልወለቀ ድረስ አያስታውቅም፤ ጭፈራው ሲሞቅ ግን ሁሉም ጃኬቱን ያወልቃል።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ምልክቶቹ ናቸው። በብሪታንያ የ1894ቱ የደንብ ልብስ ሕግ፣ በሠራዊቱ ውስጥ የማያገለግል ሰው ያለ ፈቃድ የጦሩን የደንብ ልብስ ወይም የክፍለ ጦር መለያ ያለበት ልብስ እንዳይለብስ ይከለክላል። ስለዚህ የማዕረግ ምልክት፣ የኮሌታ ባጅ፣ የክፍለ ጦር ቁልፍ ሁሉም ይነሣል። ሕጉ ባይኖርም ያላገለገሉበትን ክፍለ ጦር ምልክት አድርጎ፣ እዚያ ካገለገለ ሰው ጋር አንድ ማዕድ መቀመጥ ነውር ነው። ቁልፎቹ አንዳንዴ በክር ይሰፋሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ከጀርባቸው ያለው ጆሮ በጨርቁ ቀዳዳ አልፎ ከውስጥ በቀለበት ይያዛል። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ፣ ምትክ ሲገዛ ጆሮ ያለው ቁልፍ መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ የእሾህ አበባ (የስኮትላንድ ምልክት) ያለበት ወይም ልሙጥ ቁልፍ ይስማማዋል።

ከቀይ ጨርቅ ላይ ምልክት ሲነሣ ጥላው ይቀራል። የመርፌው ቀዳዳ በእንፋሎትና ለስላሳ ብሩሽ ይደፈናል፤ የቀለሙ ልዩነት ግን አይጠፋም፣ ምክንያቱም ምልክቱ የሸፈነው ቦታ አልደበዘዘም። በዚህ ጃኬት ትከሻ ላይ በቀን ብርሃን ይታያል፣ በመብራት አይታይም። ልብሱ የማታ ስለሆነ ችለነዋል።

በጭፈራ ላይ ከፕሪንስ ቻርሊ ይሻላል። ጭራ ስለሌለው ሲሽከረከሩ አይንሳፈፍም፤ ፊቱ ክፍት ስለሆነም ደረት አይዝም። ይሞቃል ግን፤ ከታች ብዙ ሜትር ሱፍ፣ ከላይ ደግሞ ይህ። ያልጠበቅነው ጉዳት ገበሩ ላይ ነው፦ በቀኝ ጎን፣ ልክ የኪልቱ ዘለበት በሚነካው ቦታ፣ ክሩ ሳስቶ ፀጉር አውጥቷል። ከውስጥ የመዳፍ ስፋት ያለው ጠንካራ ጥጥ ተሰፍቶበት ቆሟል። ዘለበት ያለበት ኪልት የሚለብስ ሁሉ ከመጀመሪያው ቢያሰፋው ይሻላል።

ከቀይ ጋር ቀይ የሚበዛበት ታርታን ዓይን ያደክማል፤ ጥቁር አረንጓዴና ሰማያዊ ግን ያምርበታል። ኮሌታው ተኝቶ የሚታጠፍ ከሆነ ሸሚዝና ፓፒዮን ይበቃዋል። እንደ ፈረሰኛ ቋሚ ኮሌታ ያለው ደግሞ አንገት ድረስ የሚዘጋ የራሱ ሰደርያ ይፈልጋል፤ ያለዚያ ጎዶሎ ነው።

ውሃ አይነካውም። ከእያንዳንዱ ግብዣ በኋላ አንድ ሌሊት አየር ላይ ማሳደር፣ ሲደርቅ መቦረሽ ይበቃል፤ ላውንደሪ በዓመት አንዴ፣ ቁልፎቹ ከተነሡ በኋላ። አዳዲሶቹ ወርቃማ ቁልፎች ወርቃማ ቀለም እንዲይዝ የተደረገ አሉሚኒየም ናቸውና በናስ ማወልወያ አይነኩም፤ ቀለሙ ይነሣል፣ ተመልሶም አይመጣም። በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይታሻሉ። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ በፕላስቲክ ሳይሆን በጥጥ ከረጢት ይሁን፤ ብል እንቁላሉን የሚጥለው ላብና ምግብ የነካው ሱፍ ላይ ስለሆነ ኮሌታውና ብብቱ ሳይጸዱ አይሰቀል።